ስሜ ከስሙ ጎን እንዲጻፍ

ቀን፦ 12/06/2016 ዓ.ም.

ለንግድ ምዝገባና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አመልካች፦ የእጅ ሥራ ማስታወሻ ደብተር ሠሪ፣ የባለፈቃዱ ጠራዥ ሚስት

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ራሱን አያውቅም ተብሎ ሳይፈረድበት ስሜ በንግድ ፈቃዱ ላይ ከስሙ ጎን እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ፤ እንዲሁም እኔ ራሴ የፈጸምኩትን ጥፋት ስለማሳወቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ጠረጴዛዎ ላይ ከእኔ የባሰ ችግር ያለበት ሰው ወረቀት እንደሚኖር አውቃለሁ። ማመልከቻዬ የረዘመው ነገር ለማሳመር አይደለም። ባለፈው ወር አሳጥሮ የሚጽፍ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ አጽፌ ነበር፤ ሲያሳጥረው ተቆርጦ የወጣው እውነቱ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌዋለሁ። የፊደል ግድፈት ቢያገኙ በትዕግሥት ይለፉኝ።

1. ባለቤቴ በማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በጠራዥነት ያገለገለ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ውሃልክ» ይሉት ነበር፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙት ስሙን ትተው በዚሁ ይጠሩታል። እሱ የቆረጠውን የወረቀት ክምር ጠርዝ በጣት ቢዳስሱት አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። የእሱ ሥራና ማስመሪያ ካልተስማሙ መጠርጠር ያለበት ማስመሪያው ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ማተሚያ ቤቱ አጥፎና ሰፍቶ፣ ለጥፎም የሚያወጣ ማሽን ሲያስገባ የእጅ ጠራዦቹ በሙሉ ተሰናበቱ። እሱም አንድ ወስፌ፣ ከአጥንት የተሠራች ማጠፊያውንና የምስክር ወረቀቱን ይዞ ቤት ገባ። የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለው አንደኛው ጠርዙ ጠማማ ነው ብሎ በመቀስ ካስተካከለው በኋላ ነው።

2. እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሱ ቤት ከገባ በኋላ ሁለት ወር ያህል መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የእኔን የስፌት መኪና ድምፅ ሲያዳምጥ ይውል ነበር። ያን ጊዜ ልጃችን ለትምህርት ራቅ ወዳለ ከተማ ልትሄድ ተዘጋጅታ ነበር። አንድ ቀን ከማተሚያ ቤቱ በቅንጥብጣቢነት ያመጣውን ወረቀት ከአልጋ ሥር አወጣና እያጠፈ መስፋት ጀመረ። ከአንድ አረንጓዴ ካፖርት የተረፈኝን ገበር ለሽፋን ጠየቀኝ። ለልጅቷ የሰጣት የመጀመሪያው ማስታወሻ ደብተራችን ያ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የክፍል ጓደኞቿ ለእኛም ይሠራልን ማለታቸውን ነገረችን።

ሥራችን እንዲህ ተጀመረ። እሱ ሉኩን ያጥፋል፣ በወስፌ ይበሳል፣ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል። እኔ ከደንበኞቼ ልብስ የሚተርፈውን ጨርቅ ካርቶን ላይ ወጥሬ ሽፋኑን እሠራለሁ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ በሩ አጠገብ አንድ መደርደሪያ ለቀቀልን። ከእኛ የሚገዙት ሰዎች የታወቁ ናቸው። ልጇ አፍ ሲፈታ የተናገረውን ቃል ሁሉ የምትመዘግብ እናት አለች፤ በሕይወቱ የነዳባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ የሚጽፍ ጡረታ የወጣ ሹፌርም አለ። አንዲት ነርስ በየዓመቱ አንድ ትወስዳለች፤ ምን እንደምትጽፍበት ጠይቀናት አናውቅም። ባለቤቴ ደብተሩን ሲያስረክብ ሁልጊዜ በመሐሉ ከፍቶ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ መተኛቱን አሳይቶ ነው። ተመልሶ የሚዘጋ ደብተር ሰው እንዳይጽፍ ይገፋል ይል ነበር።

3. የንግድ ፈቃድ ስናወጣ ቅጹ ላይ ለስም የተተወው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። የሁለታችን ስም ይግባ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። በጊዜው የነበሩት ሠራተኛ ለባልና ሚስት ሁለት ስም ምን ያደርጋል ብለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ የምጠይቀው ያን ጊዜ ስቄ የተውኩትን ነገር ነው።

4. የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነርሷ የወሰደችውን ደብተር ይዛ ተመለሰች። አልተቆጣችም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አልከፈት አለኝ ብቻ አለች። ባለቤቴ ደብተሩን በጀርባው በኩል ሰፍቶ ሲጨርስ በመክፈቻውም በኩል ሰፍቶት ነበር። ስፌቱ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ፣ እኩል የተራራቀ፣ የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ደብተሩ ዙሪያውን ተዘግቷል። እኔ ሽፋኑን ቀድሜ ሠርቼ ስለነበር አላየሁትም። ባለቤቴ ደብተሩን አገላብጦ አየው። ከዚያ መብራቱ አጠገብ ሄዶ አንድም ወረቀት ሳይቀድ ክሩን መርፌ በመርፌ ፈታው። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ለልጅቷ እንዳልነግራት ለመነኝ። ሦስት ቀን ወስፌ አልነካም።

የጤና ጣቢያው ሐኪም በሽታው የሚያስረሳ በሽታ መሆኑን፣ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ነገረን። ባለቤቴ በአክብሮት አዳምጦ አመሰገነው። ስንወጣ ሐኪሙ እኔን ወደ ኋላ አስቀርቶ፣ እጁን ሥራ አታስፈቺው፤ እጁ ከራሱ በኋላ ነው የሚረሳው አለኝ። ያንን ምክር እስከ ዛሬ እንደ መድኃኒት ይዤዋለሁ።

5. አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያለፈው ዓመት የፈቃድ እድሳት ቅጽ የመጣው በአንድ መጥፎ ሳምንት ነበር። ባለቤቴ ብዕሩን ይዞ ፊርማውን ጀመረና መሐል ላይ ቆመ። ቀጥሎ ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እንዴት አውቃለሁ? ፊርማ እኮ የሰው የብቻው ነው። ቅጹን ቀደድኩትና ሌላ አመጣሁ። የድሮ ደብዳቤዎቹን ዘርግቼ በቅንጥብጣቢ ወረቀት ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ተለማመድኩ። ከዚያ በእሱ ስም እኔ ፈረምኩ። ቅጹን በእጄ አመጣሁት፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ማህተም ተደረገበት።

ይህን ያደረግሁት ለማታለል አስቤ ነው። ቃሉን ላሳምረው አልፈልግም። ያታለልኩት ግን መንግሥትን ብቻ መስሎኝ ነበር።

6. ዘንድሮ ባለፈቃዱ ራሱ በአካል እንዲቀርብ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ደኅና የዋለበትን ሳምንት ጠብቄ፣ ደኅና የነቃበትን ጠዋት አይቼ አመጣሁት። ሸሚዙን ራሱ ቆለፈ፣ ጫማውን ራሱ ጠረገ። በመስኮት ቁጥር አራት ያለችው ሠራተኛ ትሑት ልጅ ናት፤ በእሷ ላይ አንዳች ቅሬታ እንደሌለኝ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ቅጹን ሰጠችው። ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው፣ ከሥሩ ያቺን ቀጥ ያለች መስመሩን አስምሮ ፈረመ። በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነበር። ደስታዬን እንዴት ልንገርዎት? የራሱ ፊርማ ነበር፤ ከየት እንዳገኘው እንጃ እንጂ አግኝቶታል።

ሠራተኛዋ ከፋይሉ ያለፈውን ዓመት ቅጽ አወጣችና ጎን ለጎን አስቀመጠች። «አባባ፣ አይመሳሰልም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩልኝ» አለችው።

እንደገና ፈረመ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ራቀ። በሦስተኛው መስመሯን ረሳት። በአራተኛው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ወደ እኔ ዞረና ምን ብሎ እንደሚፈርም ጠየቀኝ። ከኋላችን የተሰለፈ አንድ ሰው፣ ሽማግሌ ሆኖ ማጭበርበር ደግሞ ምን የሚሉት ነው ብሎ አጉረመረመ። ባለቤቴ ሰማው። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ» አላት።

እሷም እሱ መሆኑን እንደምታምን፣ ችግሩ ወረቀቱ መሆኑን በለሆሳስ ነገረችው። ዓይኗን መስበሯን አይቻለሁ።

ክቡር ኃላፊ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ውሸቱ ፋይል ውስጥ ያለው፣ እውነቱ እሱ አሁን የፈረመው መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ሰልፉን ፈራሁ፣ ቅጣቱን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ እኔን ቀና ብሎ እንዳያየኝ ፈራሁ። እጁን ይዤው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ቆመና «ፊርማዬም ጠፋ ማለት ነው?» አለኝ። ይገኛል አልኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም ወረቀት ላይ አይፈርምም። የጤና ጣቢያው መዝገብ ሲሰጠው እጁን ኪሱ ይከታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

7. ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰን። ባለፈቃዱ ፊርማውን ማረጋገጥ ስላልቻለ ፈቃዱ መታገዱን፣ ሥራው እንዲቀጥል ከተፈለገ ጉዳዩን ራሱ ማከናወን የማይችል ሰው ስለመሆኑ የፍርድ ቤት ውሳኔና የሞግዚት ሹመት ማቅረብ እንዳለብን ይገልጻል። ልጃችንን ደውዬ አማከርኳት። አሁን ባለትዳር ናት፤ የምትኖረውም ሩቅ ነው። አባቷ እንደማይድን ከእኔ ቀድማ አልቅሳ የጨረሰች ልጅ ናት። ወረቀት ነው እንጂ ምን ይለወጣል፣ አስፈርጂና ይለቅልሽ አለችኝ። ክፋት የላትም። ነገር ግን ወረቀት ያሳደጋት ልጅ ወረቀት ነው ስትል መስማት ገረመኝ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ተቀመጥኩ። የነገርኩትን ሰምቶ በሁለት ገጽ አወጣው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ባለቤቴ «ማንነቱን ለይቶ የማያውቅ፣ ለራሱም ለሌላውም የማይበጅ» የሚል ቃል ነበረበት። የማይበጅ የምትለዋን ያውጣልኝ ብዬ ለመንኩት። ካልጠነከረ ዳኛው አይቀበለውም አለኝ። እሱም እንጀራው ነው፤ አልፈረድኩበትም።

8. ወረቀቱን በማግሥቱ ላስገባው ቦርሳዬ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ልብስ ላደርስ ወደ ጎረቤት ወጣሁ። ስመለስ ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እያነበበው ነበር። የተጻፈ ነገር ሁሉ ማንበብ የቆየ ልማዱ ነው፤ ማተሚያ ቤት ሳለም የሚጠርዘውን ሳያነብ አያልፍም ነበር። ስም ያለበት የመጀመሪያው ገጽ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ፣ በእጁ የያዘው ሁለተኛውን ነበር። መነጽሩን አውልቆ ይሄ ሰውዬ ማነው ብሎ ጠየቀኝ። የማላውቀው ሰው ነው፣ ወረቀቱ በስሕተት መጥቶ ነው አልኩት። ወረቀቱን ደግሞ አየና፣

«ዘመድ የለውም?» አለ።

አለው አልኩት።

«ካለውማ እንዲህ ባላሉት።»

ከዚያ ወረቀቱን መሐል ለመሐል አጠፈው፤ እጥፋቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ደጋግሞ ተጫነው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ። አንስቶ ሰጠኝና ለባለቤቱ መልሺለት አለኝ። ተቀበልኩት። የወረቀቱም የእሱም ባለቤት እኔ ነበርኩ።

ፍርድ ቤት አልሄድኩም። ሕግ ንቄ አይደለም። ዳኛው ፊት ቀርቦ ስለራሱ እንደሚጠየቅ ነግረውኛል። ያ ቀን ከደኅና ቀኖቹ አንዱ ቢሆንስ? የሚነበበው ስለማን እንደሆነ በደንብ ቢገባውስ? ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው እኔ ስከስሰው ሰምቶኝ፣ በማግሥቱ መስማቱን ቢረሳው እንኳ፣ እኔ አልረሳውም።

9. አሁን ያለንበትን ላስረዳ። የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴው ደብተሮቻችንን በካርቶን አድርጎ መልሶልናል፤ ፈቃዱ የታገደ ዕቃ ቢገኝበት እሱም ስለሚታገድ እውነቱን ነው። ባለቤቴ ግን መታገዳችንን ብነግረውም አይዘውም። በየጠዋቱ ቁርሱን በልቶ ይሰፋል፤ የሰፋውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ መደብሩ እንውሰደው ብሎ በር ላይ ይቆማል። እኔም ዛሬ በዓል ነው፣ ዝግ ነው እለዋለሁ። ኮቱን አውልቆ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ቀን፣ ዘንድሮ በዓሉ በዛ፤ ሥራ የሚሠራውስ መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከሰሞኑ ደግሞ በር ላይ መቆሙን እየተወ ነው። ትናንት ወስፌውን አንስቶ ብዙ ካየው በኋላ መልሶ አስቀመጠው። ሐኪሙ የነገረኝ ነገር ደረሰ ብዬ ደነገጥኩ። ማንም የማይወስደውን ደብተር መስፋት ከንቱ መሆኑ እጁም ሳይገባው አልቀረም።

ስለ ሥራው ጥራት ሥጋት እንዳይገባዎ፣ ከነርሷ ደብተር ወዲህ ከቤታችን አንድም የተበላሸ አልወጣም። እያንዳንዱን ገልጬ አያለሁ፤ የተሳሳተውን ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ። ስፌቱን ያስተማረኝ እሱ ነው። ደግ አስተማሪ አይደለም፤ ክሩን ባጠበቅሁ ቁጥር ይሄ ቀሚስ መሰለሽ እንዴ እያለ ይቆጣኝ ነበር። ዛሬ ግን የእኔንና የእሱን ስፌት ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ጽሕፈት ቤቱ የሚለየው አይመስለኝም። ለፈቃዱ የሙያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል ከተባለ በፈለጉት ቀን፣ በፈለጉት ባለሙያ ፊት ቀርቤ ልፈተን ዝግጁ ነኝ።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ፋይሉ ተከፍቶ ባለቤቴ በመስኮት ቁጥር አራት መጀመሪያ የፈረመው ፊርማ፣ ፈቃዱ ሲወጣ በመጀመሪያው ዓመት ከፈረመው ጋር እንዲነጻጸር። ከእኔው ጋር አይነጻጸርብኝ። የሚመሳሰል ሆኖ ከተገኘ፣ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ያን ቀን የፈረመው የራሱ ፊርማ እንደነበር በአፉ ይንገረው። እኔ ነግሬዋለሁ። የሚስት ቃል ማጽናኛ መስሎት አላመነኝም።

ለ. እሱ በሕይወት እያለ፣ ስሙም ሳይነሳ፣ ስሜ በፈቃዱ ላይ ከስሙ ጎን እንዲጻፍና ከዚህ በኋላ ያለው ኃላፊነት ሁሉ በእኔ እንዲሆን። እንዲህ ያለ ቅጽ ቀድሞ ስላልነበረ አይቻልም ሊሉኝ ይችሉ ይሆናል። ቅጽ ሰው የሚያወጣው ነገር ስለሆነ ደፍሬ ጠየቅሁ።

ሐ. ያለፈውን ዓመት ቅጽ በእሱ ስም ስለፈረምኩ የሚገባኝ ቅጣት በእኔ ስም ብቻ እንዲወሰንብኝ። ይህን ጉዳይ እሱ አያውቅም፤ ልጃችንም አታውቅም።

መ. ውሳኔው በተቻለ መጠን እንዲፈጥንልኝ። ይህን የምለው ስለ ገበያው አይደለም። ባለቤቴ ደብዳቤ አንብቦ የሚገባው ቀን በሳምንት ሁለት ሆኗል፤ ባለፈው ወር ሦስት ነበር። መልስዎ ሲደርሰኝ ወዲያው አላሳየውም፤ ከእነዚያ ቀኖች አንዱን እጠብቃለሁ። ቀኖቹ ሳያልቁ እንዲደርስልኝ ነው የምለምንዎ።

ለቀጠሮ ቢፈልጉን እኔን ይጥሩኝ። እሱ ከመጣ ግን እባክዎ መስኮት ላይ አያቁሙት። ወንበር ይስጡት።

ከሰላምታና ከይቅርታ ጋር

የጠራዡ ሚስት

ፊርማ፦ በገዛ ስሜ፣ በገዛ እጄ የፈረምኩት